በፎቶግራፉ ላይ ያሉት እትዬ አይደሉም

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር ገደማ። እትዬ ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ባለው አፓርታማቸው፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ አረፉ።

ሰዓቱን የነገረችኝ ኬርጊቨራቸው፣ ቤት እየመጣች የምትንከባከባቸው ሴት፣ ናት። ሾርባ ልታሞቅ ወደ ማድቤት ስትገባ "ጨው አታብዢ" ብለዋታል፤ ይዛ ስትመለስ የሉም። ያየችው የማይክሮዌቩን ሰዓት ነው። የማይክሮዌቩ ሰዓት ሦስት ደቂቃ እንደሚቀድም በኋላ ሄጄ አረጋግጫለሁ፤ ስለዚህ አራት ሰዓት ከሰባትም ሊሆን ይችላል። ዕድሜያቸውን ግን ማረጋገጥ አልቻልኩም። ፓስፖርታቸው ሰማንያ አንድ ይላል፣ እሳቸው ሰማንያ አራት ይሉ ነበር፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ደግሞ ከዘጠና ወዲህ አይሉም።

እስከ ቀትር ድረስ ስልኬ አሥራ አንድ ጊዜ ጠራ። አሥሩ የደወሉት መሞታቸውን ሊነግሩኝ ነው። አሥራ አንደኛው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ መሞታቸውን እንደማውቅ ስነግረው በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገባ።

"ያን ፎቶ በጋዜጣሽ ታወጪዋለሽ አይደል?"

አላወጣውም አልኩት። "እንነጋገራለን" ብሎ ዘጋው። የዚያ ሳምንት ጣጣ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ነጭ ልብስ የለበሰች ወጣት ሴት ከጥምቀት ገንዳ ብቅ ስትል በቀኝ እጇ ፊቷን ሸፍናለች። ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ ተለጥፏል። ከኋላዋ የመጋረጃ ጫፍና ደግፎ የያዛት ፓስተር ክንድ ይታያል። የእትዬ ቤተ ክርስቲያን ይህንን ፎቶ ለዓመታት በቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከሥሩ "የመጀመሪያዋ ፍሬያችን" ብሎ ጽፎበታል። የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር በካላንደር ላይ አሳትሞታል። ለመጣው እንግዳ ሁሉ "እትዬ ናቸው፣ በወጣትነታቸው" ይባላል።

እትዬ አይደሉም። ይህንን ራሳቸው ነግረውኛል፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም።

በእኛ ሰው ቀብር ላይ አንድ ሰው ቆሞ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ያነባል። ጽሑፉን አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘጋጀው ያለቀሰና ያልተኛ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ ስህተት ይበዛበታል። የሞተው ሁሉ ለጋስ ነው፣ የሞተው ሁሉ ሰው አስታራቂ ነው፣ የልጆቹ ቁጥር ግን አንዳንዴ ይጎድላል። ፌርፋክስ ላይ አንዲት ወርኃዊ የአማርኛ ጋዜጣ ሳዘጋጅ የኖርኩ እንደመሆኔ፣ እነዚህን ጽሑፎች ስቀበልና ሳርም ብዙ ዘመን አሳልፌያለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት እትዬ ደውለው "የእኔን አሁኑኑ ጻፊው፤ እኔ እያለሁ ይታረም" ሲሉኝ ደስ አለኝ። ሰው እንደ ሟርት የሚፈራውን ነገር አንዲት አሮጊት በገዛ እጃቸው ሲያመጡልኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ምን ውስጥ እንደገባሁ አላወቅኩም።

በየማክሰኞው እሄዳለሁ። ጽፌ የወሰድኩትን በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዙታል።

"'ቤተ ክርስቲያኑን መሠረቱ' ያልሽው ምንድን ነው? ጌታ ነው የመሠረተው።"

"በማን ሳሎን ውስጥ ነው የመሠረተው?"

"በእኔ።"

"እሱን ልጻፈው?"

"ሳሎኑ የአከራዩ ነበር።"

እንዲህ እያልን ዘጠኝ ገጽ የነበረው አራት ሆነ። አንድ ቀን በንግግር መካከል "ጴንጤ" የምትለው ቃል አመለጠችኝ። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ጴንጤ አይደለሁም። ባፕቲስት ነኝ። ጋዜጠኛ ሆነሽ ይሄንን ካልለየሽ እኔን ተዪኝና ስለ አየር ሁኔታ ጻፊ።" ከዚያ በኋላ ለስድስት ወር ያህል፣ በር በከፈቱልኝ ቁጥር "ምንድን ነኝ?" እያሉ ጠይቀውኛል።

ከቀይ እስክሪብቶ የተረፈው ይህ ነው። በደጋ አገር ትንሽ ከተማ ተወልደው በሚሲዮን ክሊኒክ ቁስል የሚያክሙ ድሬሰር ሆነው ሠሩ፤ ወንጌልን የሰሙት እዚያ ነው። ሎስ አንጀለስ ሲመጡ ሆሊውድ ውስጥ የሆቴል አልጋ አነጠፉ። ከአንዲት ጓደኛቸው ጋር በምሳ ሰዓት አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ይጸልዩ ነበር። ከዚያ ጸሎቱ ወደ ሳሎን ዞረ፣ ከሳሎን ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ወዳለ ጋራዥ፣ ከጋራዡ ወደ ጥቁር አሜሪካውያን የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን፤ ባለቤቶቹ አምልኳቸውን ጨርሰው ሲወጡ ከሰዓት በኋላ ያስገቧቸዋል። እሑድ እሑድ አንዲት ረጅም መኪና ይዘው ከሎንግ ቢች እስከ ሆሊውድ ሰው ይለቅሙ ነበር። ፍሪዌይ ላይ በአርባ ማይል ነበር የሚነዱት። ከተሳፋሪዎቻቸው አንዱ "ጸሎት የተማርኩት ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን እዚያ መኪና ውስጥ ነው" ብሎኛል። አዲስ የመጣውን ሰው ለመንጃ ፈቃድ ፈተና አስጠንተዋል፣ ሐኪም ቤት ሄደው ለወላድ አስተርጉመዋል። ካሜራም ነበራቸው፤ የሰው ሠርግ፣ የሰው ልደት፣ የሰው የመጀመሪያ መኪና ያነሱ ነበር።

የፎቶው ነገር የተነሳው ሦስተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ነው።

"እኔ አይደለሁም" አሉኝ። "እኔ ካሜራውን የያዝኩት ነኝ።"

"ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም?"

"ነግሬያቸዋለሁ! መድረክ ላይ ወጥቼ ነግሬያቸዋለሁ። አጨበጨቡ።"

እውነታቸውን ነው። በእኛ ዘንድ ምግብ አልፈልግም ያለ ሰው ይግደረደራል ብለው ያጎርሱታል፤ ክብር አይገባኝም ያለም እንዲሁ ነው። እትዬ "እኔ አይደለሁም" ባሉ ቁጥር ሰው "ትሕትናቸውን አያችሁ?" ይላል። አጥብቀው በካዱ መጠን ፎቶው ይበልጥ የእሳቸው ሆነ። በሥራ ዘመኔ የሰው ውሸት ብዙ አጋጥሞኛል፤ እውነት እየተናገረ ማንም የማያምነው ሰው ግን እንደ እሳቸው አላየሁም።

በፎቶው ላይ ያለችው ያቺ የሆቴሉ ጓደኛቸው ናት። አሁን ፌርፋክስ ላይ የቅመም ሱቅ አላት። የዚያን ዕለት ተጠማቂዎቹ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የገንዳው ማሞቂያ አይሠራም። እትዬ ውሃውን በእጃቸው ነክተው ወደ ኋላ አሉ፤ ጓደኛቸው ቀድማ ገባች። ከአንድ ዓመት በኋላ ያቺ ጓደኛ ወደ ኦርቶዶክስ ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ተጣልተው አልነበረም። እትዬ በዚያ ሱቅ ፊት ለፊት ማለፍ ሲኖርባቸው ወደ ማዶው ይሻገሩ ነበር፤ "ከየት ነው የምትተዋወቁት ብለው እንዳይጠይቋት" አሉኝ።

"የመጀመሪያዋ እሷ ናት፤ እኔ ሁለተኛ ነኝ። ሳትጠይቂያት ግን ስሟን ለማንም እንዳትሰጪ። ያንን ፎቶ ደግሞ በቀብሬ ላይ እንዳታወጡት። የሌላ ሰው ጥምቀት ይዤ አልቀበርም።"

ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። በየገጹ ግርጌ እንደሚያደርጉት፣ ፈረሙበት።

ያረፉ ዕለት ማምሻውን ለቅሶ ቤት ስደርስ ሳሎኑ በታጣፊ ወንበር ሞልቷል። ሽማግሌው የእኔ እኩያ ነው፤ ሆሊውድ ውስጥ ፓርኪንግ ሲያስተዳድር ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ደግ ሰው። ድምፁ ግን ማይክሮፎን ከእጁ ወድቆ የማያውቅ ሰው ድምፅ ነው።

"የተወደድሽ እህቴ፣ ተመልከቺ" ብሎ ስልኩን አቀበለኝ። የቀብር ማስታወቂያው ነው። ግማሹን ገጽ ያ ፎቶ ሞልቶታል።

"እትዬ አይደሉም" አልኩ። "እትዬ ፎቶውን ያነሱት ናቸው።"

ፈገግ አለ። "እሳቸው ናቸው ያሉሽ?"

"አዎ። ፈርመውበታል።"

"እኛንም እንዲሁ ብለውናል።" ወደ ተቀመጠው ሰው ዞረ። "ሰማችሁ? ለጋዜጠኛዋም 'እኔ አይደለሁም' ብለው ፈርመውላታል! እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ትሕትና!"

"አሜን!" አለ ቤቱ።

ልጃቸው ከማድቤት ወጣች። አንድ ልጃቸው ናት፤ ሎንግ ቢች ሐኪም ቤት ነርስ ሆና ትሠራለች። የሥራ ልብሷን ገና አላወለቀችም።

"ሶ፣ ማን ናት ታዲያ?"

"ልነግርሽ አልችልም።"

"ኦኬ፣ ቆይ። እናቴ አይደለችም ትያለሽ። ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ። ግን አትነግሪኝም?"

"ቃል ገብቻለሁ።"

"ለማን?"

"ለእናትሽ።"

"እናቴ እኮ ሞታለች!" አለችና ፊቷን በእጇ ይዛ አለቀሰች። ሰዎቹ እኔን አዩኝ። እንደዚያ መታየት ይገባኝ ነበር።

ሌላ ፎቶ እንፈልግ አልኳት። ሰባት የጫማ ካርቶን አወረድን። የማን ሠርግ እንደሆነ የማይታወቅ ሠርግ፣ ኬክ የሚቆርስ ሕፃን፣ አዲስ መኪና ተደግፎ የቆመ ጎረምሳ። እትዬ በአንዱም ውስጥ የሉም። አንዱ ላይ፣ ሽርሽር የወጡ ሰዎች እግር ሥር፣ ሳሩ ላይ የእሳቸው ጥላ ወድቋል፤ ክርናቸው ወደ ላይ ተነስቶ። የቀረው የመንጃ ፈቃዳቸው ነው። እሱ ላይ ከንፈራቸውን ነክሰው አፍጥጠዋል።

"ይሄንን ላወጣው እችላለሁ" አልኩ።

"ኖ! እናቴን ፖሊስ የሚፈልጋት አስመሰልሻት!"

አርብ ጠዋት ወደ ቅመም ሱቁ ሄድኩ። ከባለቤቷ ጋር በደንብ እንተዋወቃለን። ሰባውን አልፋለች፤ አንቱ ስላት ግን "አታስረጂኝ፣ አንቺ በይኝ" ብላ ስለከለከለችኝ አንቺ ነው የምላት። ሚዛን ላይ በርበሬ እያፈሰሰች ነበር። የቀኝ እጇ ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ጠማማ ናት፤ በልጅነቷ በር ጨፍልቋት ነው። ያቺን ጣት ፌርፋክስ ላይ የማያውቅ የለም፤ ሰው ሁሉ በርበሬ ስትመዝን አይቷታል። ማስታወቂያው ላይ ፎቶው ሲተልቅ ከሁሉ በፊት ዓይን የምትስበው እሷው ጣት ናት።

"ሞተች አይደል?" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

"አዎ።"

"ከትናንት ጀምሮ የገባው ሁሉ 'ጴንጤዋ አሮጊት ሞቱ' እያለ ይነግረኛል።"

"ባፕቲስት" አልኩ፤ ሳላስበው።

"አይ! አንቺንም አሠልጥናሻለች!" ብላ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"ያንን ፎቶ ሊያወጡት ነው" አልኳት።

"የምን ፎቶ? እኔ የማውቀው ፎቶ የለም።"

ያተምኩትን የማስታወቂያውን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አየችው። ሄዳ በሩን ቆለፈችና ተመለሰች።

"እሷ ናት በሉ! ከአርባ ዓመት በላይ እሷ ናት ስትሉ ኖራችሁ የለ? ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣ?"

"እሳቸው አልፈለጉም።"

"እሷ አሁን ምን ይጎድልባታል? እዚህ የቀረሁት እኔ ነኝ!"

ጉዳቷ ቀላል አልነበረም። በእሷ ቤተ ክርስቲያን ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች፤ ጥምቀት ደግሞ አንዲት ናት። ሁለተኛ ውሃ መግባት የመጀመሪያውን መካድ ነው። ጓደኞቿ የሚያውቋት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያልጠፋች ሴት አድርገው ነው። የሃያ አንድ ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናት። ስትመለስ ለተመለሰ ሰው የሚደረገው የቄደር ጥምቀት ተፈጽሞላታል፤ የፈጸሙላት የነፍስ አባቷ ሞተዋል።

"ሦስት ጊዜ የተጠመቅኩ ሰው ነኝ" አለችኝ። "ከእኔ የበለጠ የታጠበ ማን አለ? ግን ይሄንን ለማን እነግራለሁ? ባሌ ሳያውቅ ነው የሞተው። ልጆቼ አያውቁም። እናቴ አውቃ ነበር። ልትጠይቀኝ መጥታ ሦስት ወር ስትቀመጥ በእጄ የሠራሁትን አልቀመሰችም። ዳቦ እየገዛች በላች። የተመለስኩት ለዚያ ነው፤ ለሌላ እንዳይመስልሽ።"

በጋዜጣዬ ፎቶዋን እንደማላወጣ፣ ስሟንም እንደማልጽፍ ነገርኳት። የማስታወቂያው ወረቀት ግን የእኔ ስላልሆነ፣ ለማስቆም እውነቱን ለሽማግሌው ብቻ በምሥጢር ልንገረው ወይ አልኳት።

"ለዚያ ሰውዬ? ከዚያስ ማይክሮፎኑን እኔው ልያዝለት?"

ቅዳሜ ጠዋት ደወለች። ድምፁን ከማውቃት ሴት ጋር ለማገናኘት ትንሽ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

"ሞቼ በገዛ በሬ ላይ ተለጥፌያለሁ!"

ሽማግሌው በጥቅል ማጣበቂያና በወረቀት ቁልል ታጅቦ ጎዳናውን ከላይ እስከ ታች ለጥፎታል፤ ምግብ ቤቱ፣ ጸጉር ቤቱ፣ የጉዞ ወኪሉ፣ የእሷ ሱቅ። እሷ በር ላይ ያለውን በአራቱም ጠርዝ አስጠብቆ አጣብቆ "ጌታ ይባርክዎ እናቴ" ብሏት ሄዷል።

"ቅደጂዋ" አልኳት፤ ሳላስብ።

"የሞተ ሰው ማስታወቂያ እቀዳለሁ? ሰው እያየኝ? በጴንጤ ጥላቻ ነው እንዲሉኝ?" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አንዷ ደንበኛዬ አሁን ገብታ 'በወጣትነታቸው እንዴት ቆንጆ ነበሩ' አለችኝ። ምን ልበላት? አመሰግናለሁ ልበላት?"

ሽማግሌውን ደወልኩለት። ስህተት ነው፣ አንሱት አልኩት። ሁሉም ታትሟል አለኝ። የተለጠፈውን ብቻ አንሱት አልኩት። "እህቴ፣ ስለ እውነት ያለሽን ቅንዓት እናከብራለን" አለኝ። ስልኩን ዘጋሁ። ለሕዝብ የተለጠፈ ስህተት አለ፣ ማስረጃው በእጄ ነው፣ ማረሚያውን ማውጣት ግን አልችልም። ጽሑፍ ሳርም ለኖርኩ ሰው ከዚህ የከፋ ቅዳሜ አላስታውስም።

የሕይወት ታሪኩን የማነበው እኔ ነበርኩ። በየገጹ እትዬ ስለፈረሙበት ሽማግሌውም ሊነካው አልደፈረም። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ "የመጀመሪያው ጥምቀት ፎቶግራፍ ተብሎ የሚታወቀውን ያነሱት እሳቸው ናቸው፤ በፎቶው ላይ ያሉት እሳቸው አይደሉም፤ የተጠመቁትም ሁለተኛ ሆነው ነው።" የማንም ስም የለበትም። ማክሰኞ ማታ ለሱቋ ባለቤት በስልክ አነበብኩላት። ሳላስጠነቅቃት ማንበብ ትክክል አልመሰለኝም።

"'ታዲያ ማን ናት?' ይላሉ" አለችኝ።

"ከእኔ አይሰሙም።"

"ጣቴን ያያሉ።"

"ሊያዩ ይችላሉ።"

"አታንብቢው።"

"ፈርመውበታል።"

"እሷ ሞታለች እኮ! የምለምንሽ እኔ ነኝ!"

መዝለል እንደማልችል ነገርኳት። ዘጋችብኝ። ያንን ማታ ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ በእርሳስ ከበብኩት፣ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት።

ረቡዕ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ባፕቲስቱም ኦርቶዶክሱም መጥቷል፤ በእትዬ መኪና ያልተሳፈረ ጥቂት ሰው ነው። ከሬሳ ሣጥኑ ጎን፣ በሥዕል ማቆሚያ ላይ፣ ፎቶው ቁመቴን አክሎ ቆሟል። የሱቋ ባለቤት ጥቁር ለብሳ መጣች። በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ቀኝ እጇ በነጠላዋ ውስጥ ነበር።

ማንበብ ጀመርኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ። ያንን ዓረፍተ ነገር ከሌላው ሳላፈጥነውም ሳላዘገየውም አነበብኩት። ቀና ስል ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል።

"ትሕትና!" አለ።

"አሜን!" አለ አዳራሹ።

በቃ። ያ ነበር። ሁለት ዓመት የተጣራ፣ የተፈረመበት፣ በማይክሮፎን የተነበበ ቃል ነበር፤ ማንም አልሰማውም። አራተኛውን ገጽ ያነበብኩት በምን ድምፅ እንደሆነ አላውቅም። ወደ በሩ አየሁ። የሱቋ ባለቤት ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አሳርፋለች። አምልጣለች።

ስንብት ተጀመረ። ሰው ተሰልፎ በሣጥኑ በኩል እያለፈ ይወጣል። ሽማግሌው ፎቶው አጠገብ ቆሞ ለመጨረሻ ጊዜ ያስረዳል። የእትዬ ልጅ ከጎኑ ናት። የሱቋ ባለቤት ተራዋ ደርሶ፣ ለሣጥኑ ጎንበስ ብላ፣ ቀና ስትል እሱ ከፊቷ ላሉት ሰዎች እየነገራቸው ነበር።

"እጃቸውን አያችሁት? ፊታቸውን የሸፈኑት ለምን ይመስላችኋል? በደስታ እያለቀሱ ነው። የእንባቸውን ክብር ለሰው ላለማሳየት..."

"ማን ነው ያለቀሰው?"

ሁሉም ዞረ።

"ማን አለቀሰ? ውሃ በአፍንጫዬ ገብቶ ነው!"

"እናቴ፣ ምን አሉ?" አለ ሽማግሌው።

"በአፍንጫዬ ገባ ነው የምልህ! ፓስተሩ አንገቴን ይዞ ደፈቀኝ፣ አማርኛ አያውቅ፣ እኔ እንግሊዝኛ አላውቅ። ታንቄ ልሞት ነው። እሷ ደግሞ ካሜራዋን ይዛ 'እጅሽን አንሺ፣ እጅሽን አንሺ፣ ፊትሽ አይታይም' ትለኛለች! ሞቴን ቆማ ልታነሳ! ይሄ አሁን እንባ ነው? የእንባ ክብር ይለኛል እንዴ!"

እጇን ከነጠላዋ አውጥታ ፎቶው ላይ ካለው እጅ ጎን አቆመችው። ጠማማዋ ጣት እዚህም እዚያም አለች። ሽማግሌው አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ከሰልፉ ውስጥ ሁለት የማኅበሯ ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ አማተበች።

ያለችው ለራሷ የገባት ያኔ ይመስለኛል። እጇን ግን አላወረደችም።

የእትዬ ልጅ ቀረበቻት። "ማሚስ?" አለች። "ማሚ የት ነበረች?"

"ካሜራው ጋ።"

"ከዚያስ? የእሷ ተራ ሲደርስ?"

"ካሜራውን ለእኔ ሰጠችኝ። አንስቻት ነበር። እጄ ርጥብ ነው፣ ብርድ ያንቀጠቅጠኛል፣ ጣቴን ሌንሱ ላይ አድርጌ አነሳሁ። ፊልሙ ሲታጠብ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ያቺው ጣት።" ወደ ሣጥኑ ዞረች። "ትስቅ ነበር እናትሽ። ብቅ ስትል ትስቅ ነበር። እኔ ነኝ በፎቶ ያላወጣኋት።"

ልጅቱ የሴትየዋን እጅ ያዘች። ሽማግሌው ማይክሮፎኑን ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያ ፎቶውን ከነማቆሚያው አንስቶ ወደ ጎን ክፍል ወሰደው። የሱቋ ባለቤት በአጠገቤ ስታልፍ አላየችኝም። አይታኝም ይሆናል።

ቀብሩ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ተፈጸመ። በጋዜጣዬ የፊት ገጽ የሕይወት ታሪካቸው እንደተፈረመበት ወጣ፤ ከመንጃ ፈቃዳቸው ፎቶ ጋር። ልጃቸው ፈቅዳለች። የሱቋ ባለቤት ስም የለበትም። እዚህም የለም።

የቅመም ሱቁ ረቡዕ፣ ሐሙስና አርብ ዝግ ነበር። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተከፈተ። እሑድ የወሩ ማኅበር ነበር፤ በቤቷ የምታስተናግደው ተረኛም እሷ ነበረች። ከሁለት አባላት ለየብቻ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ከሃያ አንዱ ሴቶች አሥራ አራቱ መጥተዋል።